ተራራ ላይ በድንኳን ልናድር ነው፤ ብርዱን እንዴት ትችሉታላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ከባለቤቴ ጋር በመኪና ተራራ ለተራራ 5 ቀን ልንዞር ነው። የምናድረው ድንኳን ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ለሙከራ አንድ ሌሊት ወጥተን በብርድ አለቅን። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን እንኳ፣ የሚነፋው ፍራሽ ላይ ሳይሆን በረዶ ላይ የተኛን ነው የመሰለን። ጠዋት ደግሞ የጋዝ ምድጃው እሳት እየሞተ ሻይ ማፍላት አቃተን። አሁን ባለቤቴ "ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አብርተን እንተኛ" ይላል። እኔ ፈራሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድም ጎማው አካባቢ የሆነ ነገር ተቃጥሎ ይሸት ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት 3,200 ሜትር ላይ ለማደር አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ብርድ ያስተማረው፦ በፍጹም እንዳታደርጉት! ድንኳን ውስጥ የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝታችሁ ሳለ ነው የሚጨርሳችሁ። ከሰልም ያው ነው። "በሩን ትንሽ ከፈት እናድርገው" ቢልሽም እሺ እንዳትዪ።

ብርዱ የመጣባችሁ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው። ፍራሹ ውስጥ ያለው አየር ሙቀታችሁን ወደ መሬት ያሳልፋል። ፍራሹ ላይ ጠጠር ያለ የፎም ምንጣፍ አንጥፉ። ከሁለቱ ብርድ ልብሶችም አንዱን ከሥራችሁ አድርጉት። ሙቅ ውሃ የማያፈስ ጠርሙስ ውስጥ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር ክተቱ። ድንኳኑን ሸለቆው ወለል ላይ አትትከሉት። ማታ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል።

ጋዙ ቢውቴን ብቻ ከሆነ 0 ዲግሪ አካባቢ ይለግማል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ያዙ።

የድሮ ሹፌር፦ የሸተታችሁ ፍሬን ነው። እግሩን ፍሬን ላይ ጥዶ ነው የወረደው መሰለኝ 😀 ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዘው። አውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ አለው። በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መልቀቅማ አይታሰብ። ከሸተተ ዳር ይዛችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ አትድፉበት። አሁን ግን ሳትነሱ በፊት የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን አሳዩ።

እኔም ታምሜ አውቃለሁ፦ ስለ ፍሬን ስትጨነቁ 3,200ዋን ረሳችኋት! ከዝቅተኛ ቦታ ተነስታችሁ በአንድ ቀን እዚያ ካደራችሁ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሌሊቱን ሊያነጋችሁ ይችላል። እኔ መኪና ውስጥ የነበረው የቺፕስ ከረጢት እንደ ፊኛ ሲነፋ እየሳቅኩ ነበር፣ ማታ ግን ማልቀስ መጣ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከ2,500 በታች እደሩ። ከ3,000 በላይ ደግሞ የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። አንዳችሁ ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "በሩን ከፈት..." ሊል አፉን ሲከፍት ያቺን መስመር አሳየሁት። የመጀመሪያው ሌሊት ወደ 2,300 ወርዷል፣ መኪናውም ነገ ጋራዥ ይገባል። አሁን የቀረን ጭቅጭቅ የማን ብርድ ልብስ ከሥር ይነጠፍ የሚለው ነው።