የልብ ቫልቭ ሪንጉ ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ) ከሆነ ምኑ ነው የሚንቀሳቀሰው?

ጀመዓው ሰላም ናችሁ፣ ከደሴ ነኝ፣ ሐሙስ ክፍል ውስጥ የማቀርበው ነገር ላይ ድርቅ ብዬ ቀርቻለሁ። ማይትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መሃል ያለው በር) ሲጠገን ዙሪያው ላይ ሪንግ (ቀለበት) ይሰፋል አይደል፣ ሪጂዱ (ግትሩ) ቅርፁን ቆልፎ ይይዘዋል እሱ ገብቶኛል። የጤነኛ ሰው የቫልቭ ዙሪያ ግን ዝርግ ሳይሆን ልክ እንደ ኮርቻ ነው፣ ፊትና ኋላው ከፍ ጎንና ጎኑ ዝቅ ያለ (ገጠር ፈረስ ጋልቦ ያደገ ቶሎ ይገባዋል)፣ ልብ ሲኮማተር ደግሞ ይጠብና ኮርቻነቱ ይብሳል። ፍሌክሲብሉ ይሄን እንቅስቃሴ አይነካም ብለው ነው ያስተማሩን፣ እኔ ግን በጎች ላይ የተሰራ ጥናት ሳነብ ፍሌክሲብሉም የዙሪያውን ስፋት ባለበት ያቆመዋል፣ የሚተርፈው መተጣጠፉ ነው ይላል፣ እዚህ ጋ ጭንቅላቴ ዞረ። መጥበብና መተጣጠፍ ለየብቻ ነው የሚታዩት ማለት ነው? ከሪንጉ በኋላ የቫልቩ የኋለኛው ክዳን ቀጥ ብሎ ይቀርና የፊተኛው ብቻውን እንደ በር ይሰራል የሚባለውስ ፍሌክሲብሉም ላይ ያው ነው? ዙሪያውን ሙሉ ሳይሆን ከኋላ ብቻ የሚሰፋው ባንድ ይሻል ይሆን? ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የምትሰሩ እባካችሁ በናታችሁ አስረዱኝ፣ ቪዲዮም ካላችሁ ሳይዙ አነስ ያለ ይሁን ኔታችን እንደምታውቁት ነው።