የልጆች ትግል፦ ለከባድ ልጅ የኪሎ ጣሪያ ይኑር ወይስ ክፍት ይሁን?

አወያይ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። በክረምት እረፍት ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከኮዬ ፈጬ የሚሰባሰቡ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በነጻ ትግል እንዲገጥሙ ታስቧል። በረቂቁ ደንብ የመጨረሻው ምድብ «ከ60 ኪሎ በላይ» ይላል፤ ማብቂያ የለውም። አንዱ ወገን ጣሪያ ይደረግለት ባይ ነው፣ ሌላው እንዳለ ይተው ይላል። ቁጥር ይዛችሁ ተከራከሩ። በወፍራም ልጅ ላይ የሚቀልድ ከግሩፑ ይወጣል።

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ ጣሪያ የግድ ነው። «ከ60 በላይ» ማለት እኮ 61 ኪሎውን ልጅ ከ95 ኪሎው ጋር ማጋጠም ነው። ልዩነቱ 34 ኪሎ፣ ከትንሹ ልጅ ክብደት ከግማሽ በላይ! የዓለም አቀፉን ማኅበር የዩናይትድ ወርልድ ሬስሊንግን ምድብ እዩ። ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ወንዶች 38፣ 41፣ 44፣ 48፣ 52፣ 57፣ 62፣ 68፣ 75፣ 85 ነው። ከ85 በኋላ የለም፣ አበቃ። ከ17 በታች ላሉት ማብቂያው 110 ነው። አዋቂዎቹ እንኳ በነጻ ትግል ከ125፣ ከወገብ በታች መያዝ በማይፈቀድበት በግሪክ ሮማን ከ130 አያልፉም። ለጎልማሳ ጣሪያ ያስፈለገው ስፖርት ለልጅ ክፍት ይሁን ማለት አይገባኝም።

የስፖርት መምህር (ኮተቤ)፦ አሰልጣኝ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን ከቁጥሩ አይወጣም። ሰፈራችንን የሞላው ቴኳንዶ በኪሎ ሲመድብ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ወንዶች የመጨረሻ ምድቡ «ከ65 በላይ» ነው፣ ለሴቶች «ከ59 በላይ»። ጁዶም ከ18 ዓመት በታች ለወንዶች «ከ90 በላይ»፣ ለሴቶች «ከ70 በላይ» ይላል። ሁለቱም ክፍት ናቸው። ደግሞ ጣሪያ አድርገን የምንመልሰው ልጅ የትኛው ነው? እንቅስቃሴ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ። ኳስ ሜዳ ላይ በረኛ ይሁን ብለው የሚያቆሙት እሱን ነው፤ ሩጫም አይሆንለትም። ክብደቱ ጥቅም የሚሆንበት አንድ ስፖርት ቢገኝ እሱንም በር እንዝጋበት?

ዳኛ (ቡራዩ)፦ መምህር፣ ቴኳንዶውን ተዉት። እዚያ የሚያሸንፈው ቆሞ የሚመታ ነው፤ ማንም ማንም ላይ አይተኛም። በትግል የታችኛው ልጅ ጀርባው እንዳይነካ ድልድይ ይሠራል፣ ማለትም በግንባሩና በእግሮቹ ተደግፎ ወገቡን ያነሳል። ያኔ የላዩ ልጅ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው አንገት ላይ ነው። 60 ኪሎ ልጅ አንገት ላይ 60 ኪሎ ሌላ ነው፣ 95 ኪሎ ሌላ።

የስፖርት መምህር (ኮተቤ)፦ ጁዶስ? መሬት ላይ መያዝ አለበት እኮ።

ዳኛ (ቡራዩ)፦ በጁዶው ተረትቻለሁ። እዚያም ይተኛል። ግን ክፍት ምድቡ የሚጀምረው ከ90 ነው፣ ከ60 አይደለም፤ እድሜውም ከፍ ያለ ነው። የረቂቁ ጥፋት መከፈቱ ሳይሆን በጣም ዝቅ ብሎ መከፈቱ ነው።

ነርስ (ሰበታ)፦ ጣሪያ የምትሉ ሰዎች፣ ጣሪያ የሚያመጣውን ነገር አስቡት። 75 ላይ መስመር ከተሰመረ 79 ኪሎ ያለው ልጅ ቤቱ አይቀመጥም፤ አራቱን ኪሎ ሊጥል ይነሳል። በአንድ ሳምንት አራት ኪሎ ስብ አይወርድም፣ የሚወርደው ውሃ ነው። ላስቲክ ለብሶ ይሮጣል፣ ውሃ ይተዋል፣ አንዳንዱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል። ውሃው ከደም ነው የሚወጣው፤ ደሙ ሲያንስ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ላብ ይቆማል፣ የሰውነት ሙቀት መውጫ ያጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ከአንድ ወር በትንሹ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የሞቱት በዚሁ መንገድ ነው። ሙቀት በማያስወጣ ልብስ፣ በሞቀ ክፍል ኪሎ ሲጥሉ። ከዚያ በኋላ ነው የላስቲክ ልብስና ሳውና የተከለከለው፣ ምዘናውም ወደ ግጥሚያው ሰዓት የተጠጋው። «እኛ ዘንድ ብርድ ነው፣ ሐምሌ ላይ ማን ይሞቀዋል» የሚል አይጥፋ። ሙቀቱን የሚይዘው ላስቲኩ ነው፣ ወሩ አይደለም።

የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንብ ጥሩ መነሻ ነው። የሽንት ጥግግት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.025 ካለፈ ልጁ ደርቋል፣ የክብደት ግምገማው አይሠራለትም። በሳምንት ከሰውነቱ 1.5 በመቶ በላይ መቀነስ አይፈቀድም። ለ79 ኪሎው ልጅ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አራት ኪሎ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። የወንድ ልጅ የስብ መጠን ከ7 በመቶ፣ የሴት ከ12 በመቶ በታች እንዲወርድ አይደረግም። ይህ የመጨረሻው ለቀጫጮቹ ነው፤ ኪሎ የሚጥለው ወፍራሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ እህቴ፣ ይህ እኮ የሁሉም ምድብ ችግር ነው። 48 ላይም መስመር አለ፣ 52 ላይም አለ።

ነርስ (ሰበታ)፦ አለ፣ ግን 52ን ያለፈ ልጅ 57 ይጠብቀዋል። ጣሪያውን ያለፈ ልጅ የሚጠብቀው «ሂድ» የሚል ቃል ነው። ልጅን ወደ ላስቲክ የሚገፋው የቱ ይመስልዎታል?

ወላጅ (ኮዬ ፈጬ)፦ ይቅርታ፣ እኔ ትግል አላውቅም። ከባዱን የ12 ዓመት ልጅ ከትልልቆቹ ጋር፣ ከ15 ዓመቶቹ ጋር ብታጋጥሙትስ? ኪሎው እኩል ይሆናል አይደል?

ነርስ (ሰበታ)፦ ኪሎው እኩል ይሆናል፣ ልጆቹ አይሆኑም። ቁመቱ 1.50 ሜትር የሆነ የ12 ዓመት ልጅ 70 ኪሎ ቢመዝን ክብደቱ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ሲካፈል መለኪያው 31 ይመጣል፤ አብዛኛው ትርፍ ስብ ነው። 1.75 ሜትር የሆነው የ15 ዓመት ልጅ በዚያው 70 ኪሎ 23 ገደማ ነው፤ ጉርምስናውን ጀምሯል፣ ጡንቻ አውጥቷል። ትንሹ ልጅ የሚሸከመውን ክብደት የሚጎትትበት ጉልበት የለውም። በዚያ ላይ በረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ ያለው የማደጊያ ክፍል ገና አልጠነከረም። ክርን ወይም ጉልበት ሲጠመዘዝ አዋቂን ጅማት የሚበጥሰው ኃይል ልጅን በዚያ ክፍል ይሰብረዋል፤ በደንብ ካልታከመ እጁ ወይም እግሩ ተንጋዶ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ኪሎን ለማስተካከል እድሜ አይዘለል።

ዳኛ (ቡራዩ)፦ ወላጅ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ቦታ የሚሠራውም ስህተት ያ ነው። አሁን የእኔን ሐሳብ ልናገር። ጣሪያው በልጁ ላይ አይሁን፣ በሁለቱ ልጆች ልዩነት ላይ ይሁን። አሰልጣኝ የጠቀሱትን የዓለም ምድብ በመቶኛ አስሉት። ከ38 ወደ 41 ወደ 8 በመቶ ነው፣ ከ52 ወደ 57 ከ10 በመቶ ትንሽ ያንሳል፣ ከ68 ወደ 75 ከ10 በመቶ ትንሽ ያልፋል፣ ከ75 ወደ 85 13 በመቶ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፤ ከ17 በታች ከ92 ወደ 110 ያለው 20 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ከ70 ኪሎ በታች ከ10 በመቶ፣ ከ70 በላይ ከ15 በመቶ ያልበለጠ ልዩነት እንፍቀድ። እድሜው ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል አይራቅ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከትልቁ ኪሎ ትንሹን ቀንስ፣ ለትንሹ አካፍል። ልጆቹን በኪሎ ቅደም ተከተል ጽፎ አራት አራት ማድረግ ነው። 61፣ 63፣ 66፣ 67 አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ በ61ና በ67 መካከል 9.8 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ሦስቱንም ይገጥማል፣ በጠቅላላ 6 ግጥሚያ። በዚህ እድሜ ግጥሚያው ሁለት ጊዜ 2 ደቂቃ ነው፣ በመሃል 30 ሰከንድ እረፍት። በግጥሚያና በግጥሚያ መካከል ቢያንስ 20 ደቂቃ እንስጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጎረቤት ከጎረቤት ብቻ ያያል። 60፣ 65፣ 71፣ 78 እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ግን 60ና 78 ሲገናኙ ልዩነቱ 30 በመቶ ነው። የሚሰላው ከቡድኑ ትንሹና ከቡድኑ ትልቁ ነው።

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ ታዲያ ሻምፒዮኑ ማን ነው? ልጅ «በ68 ኪሎ አንደኛ» ተብሎ ሲጠራ ደስ ይለዋል። «የሦስተኛው ቡድን አንደኛ» ምን ይባላል?

የስፖርት መምህር (ኮተቤ)፦ ሜዳሊያው ላይ ኪሎ አይጻፍም አሰልጣኝ :)

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ እሺ፣ ሌላ ጥያቄ። 74፣ 79፣ 83 እና 91 ኪሎ የሆኑ አራት ልጆች መጡ። ምን ታደርጉ?

ዳኛ (ቡራዩ)፦ 74፣ 79ና 83 ይገጥማሉ፤ ጫፍና ጫፉ 12 በመቶ ነው። 91 ኪሎው ከ83ቱ ጋር 9.6 በመቶ ስለሆነ ይችላል። ከ79ኙ ጋር 15 በመቶን በጭላንጭል ያልፋል፣ ከ74ቱ ጋር ጭራሽ አይሆንም። ስለዚህ 91ዱ ከ83ቱ ጋር ብቻ ይገጥማል፣ በእርስዎ 85 ጣሪያ ግን ምንም ሳይገጥም ቤቱ ይገባ ነበር።

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ አንድ ግጥሚያ ብቻ ያደረገን ልጅ ውድድር ገባ አልልም። እኔ አሁንም ከ85 በላይ ያለው በልምምድ ይያዝ፣ ውድድር ይቆይለት ነው የምለው። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ የምንታገልበት ምንጣፍ። ሁለት ባለ 90 ኪሎ ልጆች አብረው ሲወድቁ 180 ኪሎ ነው። ሰፈር ያለው የአልጋ ስፖንጅ ይህን አይችልም። ሲጫኑት እስከ ሲሚንቶው ይወርዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ እግር ውጦ ይይዛል፤ ገላ ይዞራል፣ እግር ይቀራል፣ ጉልበት ይጠመዘዛል። ቀላሉ ልጅ ላይ የማይታየው የምንጣፍ ጉድለት ከባዱ ላይ ይታያል።

የስፖርት መምህር (ኮተቤ)፦ ታዲያ ምንጣፉ ይስተካከል እንጂ ልጁ ለምን ይመለስ?

ዳኛ (ቡራዩ)፦ መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ አዋቂ በአንድ ጉልበቱ ምንጣፉ ላይ ይንበርከክ፤ ወለሉ ከተሰማው አይሆንም። የዓለም ደንብ ምንጣፍ 12 ሜትር በ12 ሜትር ነው፣ የመታገያው ክብ 9 ሜትር፣ ዙሪያው 1.5 ሜትር መከላከያ። ይህን መግዛት ባንችል ሰጋቱራ አለ፤ የእንጨት ሥራ ቤቶች በጆንያ ይሰጣሉ። ሚስማርና ስንጣሪ በወንፊት ይለይ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይነጠፍ፣ ትንሽ ውሃ ተረጭቶ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ሸራ ተወጥሮ ዙሪያውን በገመድ ይታሰር። ሸራው ከረገበ ይታጠፍና ጣት ይሰብራል። ግን ክረምት ነውና ከጣሪያ ሥር ይሁን። የረጠበ ሰጋቱራ ይሻግታል፣ ሸራው ካልታጠበና ካልደረቀ ጭርት ከልጅ ወደ ልጅ ይዛመታል።

ነርስ (ሰበታ)፦ ቀኑንም አስቡበት። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። እስከ ነሐሴ 15 ልጆቹ ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ እስከ 8 እና 9 ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ አሉ። በዚያ ሳምንት የተመዘነ ኪሎ የልጁ ኪሎ አይደለም፣ ሳይበላ የሚታገል ልጅም ምንጣፍ ላይ ራሱን ሊስት ይችላል። ወይ ሐምሌ ላይ፣ ወይ ከፍልሰታ በኋላ ይሁን። ምዘናው ደግሞ በዋዜማው አይሁን፤ ማታ ተመዝኖ ሌሊት የሚበላ ልጅ ጠዋት ሁለት ኪሎ ጨምሮ ይመጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተመዝኖ 3 ሰዓት መጀመር።

ወላጅ (ኮዬ ፈጬ)፦ ሴቶቹስ?

ዳኛ (ቡራዩ)፦ ሴቶች ከሴቶች፣ በዚያው ስሌት። የሚመዝናቸውም ሴት ትሁን፣ በተለየ ክፍል። በዓለም ደንብ ከ15 በታች ለሴቶች የመጨረሻው 66 ኪሎ ነው፤ እኛ ዘንድ ከዚያ በላይ የሆነች ልጅ ከመጣች የምትመለስ አይመስለኝም።

አወያይ፦ እስካሁን ያለውን ለረቂቁ ጻፍኩት፦ «የመጨረሻ ምድብ» የሚለው ይሰረዛል፤ ቡድን በልዩነት ይደለደላል፤ 10 እና 15 በመቶ፤ እድሜ ከአንድ ዓመት ተኩል አይራቅም። ከ85 በላይ ያለው ጉዳይ አልተቋጨም፤ አሰልጣኝ ተቃውሟቸው ይመዝገብ።

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ ይመዝገብ። ደብል ኔልሰን መያዝም፣ ማለትም ከኋላ ሁለት እጅን በብብት ሥር አሳልፎ ማጅራት ላይ ቆልፎ መጫን፣ የተከለከለ መሆኑ ይጻፍ፤ የዓለም ደንብም ለዚህ እድሜ ይከለክለዋል። ከባድ ልጅ መጀመሪያ የሚለምደው እሱን ነው።

ወላጅ (ኮዬ ፈጬ)፦ ይሄ ሁሉ በመቶኛ እኮ ሚዛኑ ልክ ከሆነ ነው። የቤት ሚዛን ሳር ላይ ሲቀመጥ ሌላ፣ ሲሚንቶ ላይ ሌላ ያነባል።

ዳኛ (ቡራዩ)፦ እውነት ነው። ጠንካራ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ በውሃ ልክ ይስተካከል። ከዚያ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ 10 ጠርሙስ ጫኑበት፤ 20 ኪሎ ከፕላስቲኩ ጋር ትንሽ ከፍ ብሎ ማንበብ አለበት። ቀጥሎ 20፣ ከዚያ 30 ጠርሙስ። 20 ላይ ልክ የሆነ ሚዛን 60 ላይ ሁለት ኪሎ ሊስት ይችላል፤ የእኛ ጣጣ ደግሞ ያለው ከ60 በላይ ነው። አንድ ሚዛን ለሁሉም ሰፈር፣ ልብሱ ቁምጣና ካናቴራ፣ ለልብስ የሚቀነስ የለም።

አሰልጣኝ (ለገጣፎ)፦ ሠላሳ ጠርሙስ ውሃ ማን ይገዛል?

ነርስ (ሰበታ)፦ ለምዘና ባይሆንም መገዛቱ አይቀርም። ልጆቹ ከግጥሚያ በኋላ የሚጠጡት እሱኑ ነው።