ኢንተርኔት ማግኘት ሰብአዊ መብት ነው ቢባል ማጋነን ነው?

ጥያቄ (የመንዙ መምህር)
በመሐል ሜዳ አካባቢ አስተምራለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ምሽት፣ ስምንት ተማሪዎች የመለያ ቁጥራቸውን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ስማርት ስልክ ላለው ጓደኛቸው በመስጠት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ላኩት። ልጁ ስልኩን ካብ ላይ አስደግፎ ገጹ እስኪከፈት ሲጠብቅ ባትሪው አለቀና ባዶ እጁን ተመለሰ። ውጤቱም መታወቂያውም ክፍያውም ወደ ኢንተርኔት እየዞረ ሳለ፣ ኢንተርኔትን እንደ ትምህርት መብት ነው ማለት ይቻላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ (የሕግ ሰው፣ ደብረ ብርሃን)
መምህር፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን ላይ «ኢንተርኔት» የሚል ቃል አያገኙም፤ ሆኖም አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው በመረጠው የማሰራጫ ዘዴ መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማስተላለፍ ነፃነት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ዛሬ ከእነዚህ ዘዴዎች ኢንተርኔትን ማስወጣት ያስቸግራል። የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 በተመሳሳይ መንገድ አስቦ፣ የአንድን ሰው መስመር መቁረጥ ለአስተዳደር አካል የሚተው ሥልጣን እንዳልሆነ ወስኗል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የፊንላንድ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ ቢያንስ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚሰጥ መስመር በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያገኝ አቅራቢዎችን አስገድዷል። ማን እንደሚያቀርብና ምን ያህል እንደሚያቀርብ ያልተጻፈበት መብት ለከሳሽም ለዳኛም አይጨበጥም።

መልስ (አንኮበሬው)
ከኢንተርኔት ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ሐሳብ ተቃውሞ ነበር። ድሮ ያለ ፈረስ ኑሮን መግፋት በሚያስቸግርበት ዘመን እንኳ መብቱ ኑሮን መግፋት እንጂ ፈረስ ማግኘት አልነበረም ይላል። (በእኛ አገር ፈረስን እንደ ተራ መሣሪያ መቁጠር የሚያስወቅስ መሆኑን ሰውዬው አልሰማም።) እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ፤ የልጁን ስልክ ያጠፋው የመብራት እጦት ነውና ከኢንተርኔት በፊት መብራቱ ይቅደም።

መልስ (ነጋዴዋ፣ ሸዋ ሮቢት)
ወንድሜ አንኮበሬው፣ መብራት ይቅደም ማለትዎ አይከፋም፤ ነገር ግን ማቅረብና አለመቁረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዘነጉት። አንቴና መትከል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለውን አለመዝጋት ግን ምንም አይጠይቅም። በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ወራት፣ የአዲስ አበባን የሽንኩርት ዋጋ በቴሌግራም ማየት ስላልቻልኩ መኪናው ደጄ ቆሞ ደላላው የጠራውን ዋጋ ተቀብያለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሆን ተብሎ የሚደረግ መቆራረጥን ማውገዙን ኋላ ላይ ሰማሁ፤ የማያስገድድ ውሳኔ በመሆኑ ግን ለእኔ ሽንኩርት አልደረሰለትም። ስለዚህ መጀመሪያ የማይነጠቅ ይሁን፤ ፍጥነቱን ቀስ ብለን እንጠይቃለን።

የመንዙ መምህር
እኅቴ፣ ልዩነቱ አሁን ገባኝ። በእኛ ቀበሌ ግን የሚቆረጥ መስመርም የለም። ስለዚህ የሕግ ሰውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የፊንላንዱ ዓይነት ግዴታ እኛ ዘንድ እስኪጻፍ ድረስ፣ ትምህርት ቤቱ ውጤቱን አትሞ በር ላይ እንዲለጥፍ በማመልከቻ ማስገደድ ይቻላል?