ክርክር፦ ቤት ውላ ትንንሽ ልጆች የምታሳድግ እናት ይከፈላት ወይስ አይከፈላት?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይኸውላችሁ። ትምህርት ቤት ያልደረሱ ልጆች ይዛ ቤት ለምትውል እናት መንግሥት በየወሩ ይክፈላት ወይስ አይክፈላት? ጥያቄው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጣሊያን ውስጥ የተሰባሰቡ ሴቶች «ለቤት ውስጥ ሥራ ደመወዝ» ብለው ዘመቻ ጀምረው ነበር፤ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛመተ። ፊንላንድ ደግሞ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልጁን ማቆያ ሳያስገባ ቤት ለሚያሳድግ ወላጅ፣ ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የተወሰነ ገንዘብ ትሰጣለች። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ባለፈው የጡትና የጡጦ ክርክር ላይ ያየነው ስድብ ግን እንዳይደገም፤ ሳላስጠነቅቅ እሰርዛለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይከፈላት! አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ይሄ እንግዲህ መጥባቱ ብቻ ነው። ማስገሳቱ አለ፣ ዳይፐሩ አለ፣ አባብሎ ማስተኛቱ አለ፣ ልክ ሸለብ ሲያደርገው ደግሞ ታላቅየው ከሽንት ቤት «እማ፣ ጨረስኩ!» ብሎ ይጣራና ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው። ባሌ ማታ ሲገባ «ዛሬ እንዴት ዋላችሁ፣ ምን ሠራችሁ?» ይላል። በክፋት አይደለም። ቤቱን የሚያየው ጠዋት ትቶት እንደወጣው ሆኖ ነው። በመሃል ስንት ጊዜ ተዝረክርኮ ስንት ጊዜ እንደተነሳ በምን ይወቅ?

እኔን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። የሰው ልጅ ብይዝ ይከፈለኛል። ሞግዚት ይከፈላታል፣ የማቆያ ሠራተኛም ይከፈላታል። የራሴን ልጅ ስይዝ ግን ሥራ ፈት ነኝ።

ሒሳብ ሠሪው፦
እህቴ፣ ድካምሽን የሚክድ የለም። እኔ የምጠይቀው ማን ይክፈል ብዬ ነው። መንግሥት የራሱ ኪስ የለውም፣ የሚከፍለው ከሰው ሰብስቦ ነው። ከሚሰበሰብበት ሰው ውስጥ ደግሞ ልጆቿን በጠዋት አደራ ሰጥታ ሥራ የምትገባ እናት አለች። እሷ ለልጇ ማቆያ ትከፍላለች፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ለዋለችው ትከፍላለች ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ቤቴን ቀለም ስቀባ፣ የራሴን ሸሚዝ ስተኩስ ማንም አይከፍለኝም። ልጄን ማጠብስ ከዚህ በምን ይለያል? የራሴ ጉዳይ አይደለም?

ኢኮኖሚክስ ተማሪ፦
ይለያል እንጂ። ሸሚዝህ አድጎ ግብር አይከፍልም፣ አንተ ስታረጅም የሚያክምህ ሐኪም አይሆንም።

አንድ የቆየ የኢኮኖሚክስ ቀልድ ልጨምር። አርተር ፒጉ የሚባለው እንግሊዛዊ ካነሳው ሐሳብ የመጣ ነው። አንድ ሰውዬ ቤት ውስጥ የቀጠራትን ሠራተኛ ቢያገባ የአገሩ ገቢ ይቀንሳል። ሴትየዋ የምትሠራው ያው ነው፣ ደመወዟ ስለቀረ ብቻ ከሒሳቡ ትወጣለች። ዛሬም ቢሆን አገሮች ጠቅላላ ምርታቸውን ሲያሰሉ ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሠራውን ልጅ ማሳደግ አይቆጥሩትም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ላይ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያጠፋሉ፤ ወንዶች 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። ልብ በሉ፣ ይሄ የሁሉም ሴት አማካይ ነው፣ ልጅ የሌላትም ተደባልቃበት። ሕፃን የያዘችዋ ብቻዋን ብትለካ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ መገመት ነው።

ዝም ያልኩ፦
እናትነት በገንዘብ አይተመንም። አለቀ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ምስጋና ዳይፐር አይገዛም።

(ለዚች አንድ መስመር የወረደው ጭብጨባ ከሌላው ሁሉ በለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፣ አወያይ ብሆንም። — አወያይ)

የማታ ፈረቃ፦
ሥራ የምትገባዋ እናት ተነስታለችና ልግባበት። እኔ ነኝ እሷ። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ስገባ ልጆቼ ይነሳሉ። አልብሼ፣ አጥቤ፣ ትልቁን አድርሼ ትንሿ ስትተኛ አብሬ እተኛለሁ፣ ካስተኛችኝ። እና «ልጅ የምታሳድግ እናት» ሲባል ቤት የዋለችዋ ብቻ ናት ያለው ማነው? እኔ ምን እያደረግኩ ነው ታዲያ?

ክፍያው ቤት ለዋለች ብቻ ከሆነ እቃወማለሁ። የምቃወመው በቅናት አይደለም። አወያይ ያነሳችውን የፊንላንድን ነገር እስከ መጨረሻው ተመልከቱት። ሕጉ እናትና አባት አይለይም፣ ወስደው ቤት የሚቀሩት ግን አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሰው ሥራውን ትቶለት አይቀመጥም። ረጅም ጊዜ የሚቀመጡት ከመጀመሪያውም ዝቅተኛ ደመወዝ የነበራቸው ሴቶች ናቸው። ከዚያ ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ክፍያው ይቆማል፣ እሷም ከሥራ ርቃ ስለቆየች ሲቪዋን የሚያነብላት ታጣለች። ሁለተኛ ልጅ ከተደረበበት ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ነው። ለእናት ተብሎ የመጣ ገንዘብ እናትን ቤት የሚቆልፍ ቁልፍ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ እኮ አሁንም ቤት ነኝ። ያውም ያለ ክፍያ። የተቆለፈብኝ ድሮ ነው፣ ቢያንስ ይከፈለኝ!

ጡረተኛዋ፦
ልጆቼ፣ እኔ ከሁላችሁም አስቀድሜ ያለፍኩበት ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። የእኔ ልጆች አድገው የራሳቸውን ወልደዋል። ትንንሽ በነበሩ ጊዜ ሥራ አቁሜ ነበር፣ ማንም አላስገደደኝም፣ የሚይዛቸው ስለሌለ ነው። ያኔ ያሰብኩት የቀረብኝን የወር ደመወዝ ብቻ ነበር፤ እሱንም ተብቃቅተን ቻልነው። ስመለስ አብረውኝ የጀመሩት እድገት አግኝተው አለቆቼ ሆነው ጠበቁኝ፣ ይሁን አልኩ። ጡረታ ስወጣ ግን ሒሳቡ ሲሰላ እነዚያ ዓመታት ባዶ ሆነው መጡ። መዋጮ ያልገባበት ዓመት እንዳልተሠራበት ነው የሚቆጠረው። ከእኔ እኩል የገቡት ወንዶች ልጅ አላሳደጉም ልላችሁ አይደለም፣ አሳድገዋል፣ ግን የእነሱ ሒሳብ ላይ ቀዳዳ የለም። አሁን በየወሩ ገንዘቡን ስቀበል ልዩነቱን አየዋለሁ፣ እስክሞትም አየዋለሁ።

ጀርመኖች ለዚህ ነገር መላ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ለተወለደ ልጅ፣ ለያንዳንዱ 3 ዓመት በአሳዳጊው ወላጅ የጡረታ ሒሳብ ላይ ይመዘገብለታል፤ ደመወዝተኛ ሆኖ መዋጮ እንደከፈለ ማለት ነው። ዛሬ በጄ ገንዘብ ከሚሰጡኝ ያንን ቢያደርጉልኝ እመርጥ ነበር።

ሒሳብ ሠሪው፦
እትዬ፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። ይሄ ይሰላል፣ መነሻም መድረሻም አለው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እትዬ፣ ደርሶብዎት ስለሆነ አልከራከርዎትም። ለእኔ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆንብኝ። ዛሬ ለራሴ ካልሲ ለመግዛት እንኳ ባሌን እጠይቃለሁ። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ ይሰጠኛል። ጥሩ ባይሆንስ? ባሏ ክፉ የሆነባት ሴት ልጆቿን ይዛ ልውጣ ብትል በምን ትወጣለች? ሠላሳ ዓመት ጠብቃ በጡረታው?

ኢኮኖሚክስ ተማሪ፦
ይሄኛው ነጥብ ከእስካሁኑ ሁሉ ይከብዳል። መልስ ያለው ካለ።

አባት ነኝ፦
መልስ ባይሆንም ሐሳብ አለኝ። እስካሁን የተነጋገርነው ሁሉ ሥራው የእናት መሆኑን ተቀብለን ነው። ክፍያውም ጡረታውም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1993 ልጅ ሲወለድ ለወላጆች ከሚሰጠው የዕረፍት ፈቃድ ላይ 4 ሳምንት ለአባት ብቻ ለየች፤ አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል፣ ለእናትየዋ አይተላለፍም። ከዚያ በፊት ፈቃድ የሚወስዱ አባቶች ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው አባት መውሰድ ጀመረ። ወንዱ በአንድ ሌሊት ደግ ሆኖ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሚስትህ የለችም እንዴ?» የሚለው አለቃ አፉን የሚያስይዘው ሕግ ስላገኘ ነው።

ባለቤቴ ለሥልጠና ወጥታ ልጆቹን ይዤ ቀርቼ አውቃለሁ። እውነት ለመናገር ማጠቡና ማብላቱ አልከበደኝም። ያደከመኝ ማስታወሱ ነው። የክትባቱ ቀጠሮ መቼ ነው፣ የትኛዋ ጫማ ጠበባት፣ ትንሹ ያለየትኛው ብርድ ልብስ አይተኛም፣ ሽሮፑ በምን ያህል ሰዓት ልዩነት ይሰጣል። ይሄ ሁሉ የሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ እኔ ስደውል ትመልስልኝ ነበር። ለዚህ ደመወዝ ብትከፍላት ይገባታል፣ ግን አሁንም ጭንቅላቷ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትሸከመው።

የማታ ፈረቃ፦
አባት ነኝ፣ በደንብ ተናገርክ። የአይስላንድን ሴቶች አትርሳ እንጂ። ጥቅምት 24 ቀን 1975፣ በፈረንጆቹ፣ ከአገሪቱ ሴቶች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ሥራ አቆሙ። የቢሮውንም የቤቱንም። ማቆያው ተዘጋ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ ገቡ፣ ዜና እየተነበበ በሬዲዮ ከኋላ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማ ነበር ይባላል። በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ጸደቀ። ማን ምን እንደሚሠራ የታየው ሥራው ሲቆም ነው።

ብቻዬን የማሳድግ፦
ሁላችሁም ባል ባል ትላላችሁ። ባሌ ይጠይቀኛል፣ ባሌ ፈቃድ ይውሰድ፣ ባሌ ያስታውስ። እኔ ጋ ባል የለም። ለአባት ብቻ የተለየው ፈቃድ ለእኔ ልጅ ምን ያደርግለታል? ስንት ሳምንት ተቃጠለበት ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን ሥራ ባቆም ማንም አይንጫጫም፣ ቤት ኪራይ አይከፈልም፣ ያ ብቻ ነው።

አባት ነኝ፦
ልክ ነሽ፣ እሱን መናገር ነበረብኝ። ስዊድን ውስጥ ለአንድ ልጅ 480 ቀን ፈቃድ ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ 90ው ለያንዳንዱ ወላጅ የተለየ ነው። ብቻዋን ሙሉ አሳዳጊ የሆነች እናት ግን 480ውንም ታገኛለች። ሕጉ ሲጻፍ ከታሰበበት ይቻላል።

ሒሳብ ሠሪው፦
480 ቀን! አምስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ይሄን እንዴት ይችላል? ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት መቅጠር ያቆማል እንጂ።

ኢኮኖሚክስ ተማሪ፦
ለዚያ ነው ቀጣሪው በቀጥታ እንዳይከፍል የሚደረገው። ስዊድን ውስጥ ክፍያው ከማኅበራዊ ዋስትና ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የወሊድ ጥበቃ ስምምነትም ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ ይልና፣ በመርህ ደረጃ የገንዘቡ ሸክም በአንድ ቀጣሪ ላይ እንዳይወድቅ ያዛል። አንተ ያልከውን ፈርተው ነው። ሸክሙ ለሁሉም ሲከፋፈል ቀጣሪው ሴቷን የሚሸሽበት አንዱ ምክንያት ይቀንሳል።

ብቻዬን የማሳድግ፦
ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አንድ ቦታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቼ ችሎታዬን ጠይቀው ሲጨርሱ «ልጆችሽ ሲታመሙ ማን ይይዝልሻል?» አሉኝ። ከእኔ ቀጥሎ የገባውን ወንድ ይህን እንዳልጠየቁት ጠይቄው አረጋገጥኩ። እሱም የልጆች አባት ነው።

ስለዚህ የእኔ ድምፅ እዚህ ነው። ገንዘቡን ቤት ዋልሽ አልዋልሽ ብላችሁ አትከፋፍሉት፣ በልጁ ስም ይምጣ። ቤት መዋል የፈለገች ትዋልበት፣ መሥራት የፈለገች ማቆያ ትክፈልበት። ማቆያውም ከሥራ ሰዓቴ ቀድሞ የሚዘጋ ከሆነ ዋጋ የለውም። እኔ ከሥራ ስወጣ የልጄ ማቆያ ተዘግቶ በሩ ላይ ጠባቂው ነው ይዞልኝ የሚቆየው፤ ሁልጊዜ ይቅርታ ስለምን ነው የምኖረው።

የማታ ፈረቃ፦
በልጁ ስም ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ሌሊት የሚሠራ ማቆያ የሚያውቅ ካለ ደግሞ በውስጥ ይጻፍልኝ።

ሒሳብ ሠሪው፦
በልጁ ስም ሲሆን የሚከፈለው ሰው ቁጥር ይጨምራል እኮ። እስከ ስንት ዓመቱ? ለሀብታምም ለደሃም እኩል?

የሁለት ልጆች እናት፦
እስከ 3 ዓመት፣ ለሁሉም እኩል፣ በእናትየዋ አካውንት። የመጨረሻዋን ነጥብ አልደራደርባትም።

አባት ነኝ፦
በእናትየዋ ብቻ ለምን?

የሁለት ልጆች እናት፦
ክትባቱ መቼ እንደሆነ ሳትደውል ስታውቅ አንተም አካውንት ትከፍታለህ።