የጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ! ነገ ደንቆሮ ጫቃ ልወጣ ነው

መንገደኛው፦ ድረሱልኝ ጎበዝ! ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ነኝ። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ ደንቆሮ እንወጣለን። አሁን ጫማዬን ልሞክር ብል የቀኙ ሶል ተነሳ። ሱፐር ግሉ አደረግኩበት፣ አምስት ደቂቃም አልቆየ። ቶሎ በሉኝ፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ አብሽር! ደንቆሮ እንደምትወስደው ሲሰማ ነው አፉን የከፈተው።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ደንቆሮ የምትለው ጫካ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ከዚያ ጓሳና ጅባራ ነው። ቀይ ቀበሮ ያለበት ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ለመውጣት ጫማ የሚፈተሸው ከቤት ሳይወጣ ነው፣ ወንድሜ።

መንገደኛው፦ ጋሼ፣ ስሙን ነገ እማራለሁ። ሶሉን!

አይጠየፉ፦ ማስቲሽ ግዛ። ሁለቱንም ወገን ቀብተህ ትንሽ ይድረቅ፣ ከዚያ ግጠመውና ድንጋይ ጫንበት።

ቦረንቲቱ፦ ቡት ምን ያደርግልሃል? የኛ እረኞች በኮንጎ ላስቲክ ጫማ ነው የሚወጡት።

መንገደኛው፦ እነሱ እግራቸው ለምዷል። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ እቴ።

ድሮ ሊስትሮ፦ ጫማው ስንት ዓመቱ ነው?

መንገደኛው፦ አዲስ ነው። ከተገዛ 6 ዓመት፣ ያደረግኩት ግን ሁለቴ ብቻ። ካርቶን ውስጥ ነበር።

ድሮ ሊስትሮ፦ በቃ፣ እሱ ነው ጉዱ። ከላስቲኩ በላይ ያለውን ስፖንጅ ቁጭ ባለበት እርጥበት ይበላዋል። በጣትህ ጫን አድርገው። ጠንካራ ከሆነ ሊስትሮ ጋ ሩጥ፣ ዙሪያውን በወፍራም ክር ይስፋልህ። እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ከረገፈ ግን ማስቲሹ ምኑን ይይዛል? ግራውም ነገ ይከተለዋል። ሌላ ጫማ ፈልግ። ለማንኛውም ገመድ ያዝ። መንገድ ላይ ከለቀቀ ከፊትና ከመሃል ጠፍረው፣ ቋጠሮው ግን ከላይ ይሁን። ከሥር ከሆነ ቁልቁለት ላይ ይጥልሃል።

ሐይቅ ዳር፦ ሱፐር ግሉ ሞክረሃል?

የጦሳ ልጅ፦ አይ አንተ! ከላይ አታነብም?

መንገደኛው፦ ጫንኩት። ረገፈ። 44 ቁጥር ኮንጎ የት ይገኛል?

ቦረንቲቱ፦ አላልኩም? ወፍራም ካልሲ ደርብበት፣ ያልለመደ እግር ይልጣል።

ሐይቅ ዳር፦ ሦስት ቀን ሆነ፣ ሰውዬው ወጣ?

የጦሳ ልጅ፦ በኮንጎ ከሄደ እስካሁን ከጭላዳዎቹ ጋር ሣር እየነጨ ነው።