«ቸን» የሚለውን የቻይንኛ ቃል በአማርኛ ምን ልበለው?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ድሬ ውስጥ ከቻይናዎች ጋር በአስተርጓሚነት ነው የምሠራው። የፋብሪካ ቻይንኛ አይከብደኝም። ማታ ማታ ግን ለእህቴና ለጓደኞቿ የቻይና የነገሥታት ድራማ እየተረጎምኩ ማሳየት ጀምሬ አንድ ቃል አላስተኛ አለኝ። «ቸን» ነው። መዝገበ ቃላቱ አንዴ «ሹም» ይለኛል፣ አንዴ «አገልጋይ»፣ አንዴ «ተገዥ»። ይባስ ብሎ ሽማግሌው ሹም ንጉሡ ፊት ተደፍቶ «እኔ» በማለት ፈንታ «ቸን» ይላል። እኔ ሁሉንም «ሚኒስትር» እያልኩ ሳልፍ እህቴ «ሰውዬው ለምንድነው ራሱን ሚኒስትር ሚኒስትር የሚለው?» አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። እስቲ አግዙኝ።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
አቦ ሚኒስትሩን ተወው። ቸን የሥልጣን ስም አይደለም፣ ከንጉሡ አንጻር የቆምክበት ቦታ ነው። ንጉሡ «ጁን» ነው፣ እሱን የሚያገለግል ሁሉ ቸን። ያስተማረችኝ ሴት አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ፊደሉን በደረሰኝ ጀርባ ሣለችልኝ። ጥንት አጥንት ላይ ሲቀረጽ የዓይን ሥዕል ነበር። «ማየት» በሚለው ፊደል ውስጥ ዓይኑ አግድም የተኛ ነው፣ የቸን ዓይን ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንገቱን የደፋ ሰው ዓይን ነው ብለው የሚያስረዱ ብዙ ናቸው። በጥንቱ ጽሑፍ ምርኮኛና ባሪያም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር፣ ሹም ማለት ብቻ ሆኖ የቀረው በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ስለራሱ ሲናገር «አሽከርዎ» በለው፣ ያምራል።

የለገሃሬዋ (ድሬዳዋ)፦
በ«አሽከርዎ» አልስማማም። ድራማው የቺንግ ዘመን፣ ማለትም ማንቹ የሚባሉት የሰሜን ሰዎች ቻይናን የገዙበት የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት ከሆነ ሌላ ቃል ይመጣብሃል፣ «ኑትሳይ»፣ ቀጥታ ባሪያ ማለት ነው። ያኔ የማንቹ ሹማምንት ለንጉሡ ሲጽፉ ራሳቸውን ኑትሳይ ይሉ ነበር፣ የሀን ቻይናዎቹ፣ ብዙኃኑ ሕዝብ፣ ደግሞ ቸን። ባሪያ መባል ውርደት ይመስላል አይደል? ግን የንጉሡ የቤት ሰው ነኝ ማለት ነው። በእኛም ፉከራ ጀግናው «የአባ ዳኘው አሽከር!» ብሎ ሲያቅራራ እየኮራ ነው። አሽከርን ለኑትሳይ አስቀምጠው፣ ለቸን «አገልጋይዎ» ይበቃል። እኛ ድሬዎች ለትልቅ ለትንሹ «አንተ» እያልን ስላደግን አፋችን ላይ ይከብድ ይሆናል፣ ግን እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ «አንተ» ብትል ትዕይንቱ ይሞታል።

አባ ድፍን (ሐረር)፦
ልጆች፣ ሚኒስትርንም ጨርሳችሁ አትጣሉት። ቦታ አለው። የቻይና ነገሥታት ስድስት መሥሪያ ቤቶች ነበሯቸው፤ የሹመት፣ የገቢ፣ የሥርዓት፣ የጦር፣ የፍርድ፣ የግንባታ። የእያንዳንዱ አለቃ «ሻንግሹ» ይባላል፣ ትርጉሙ ጽሑፍ ያዥ። የእኛን ጸሐፌ ትእዛዝ አያስታውሳችሁም? እሱም የንጉሡን ቃል ከሚጽፍ ሰው ተነሥቶ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነ። ሻንግሹን «ሚኒስትር» በለው፣ ትክክል ነው። ከሁሉም በላይ ያለው «ዛይሺያንግ» ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ዓይነት ነው። ከቺንግ በፊት የነበረው የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዛይሺያንጉን ከጠረጠረው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1380 ቦታውን ከነጭራሹ ሰረዘው። ስለዚህ የሚንግ ድራማ ላይ ዛይሺያንግ ካየህ ዘመኑን ደግመህ አረጋግጥ።
ሌላም ልንገርህ። የዛሬ ዜና ላይ የእንግሊዝ ሚኒስትር «ዳቸን»፣ ትልቅ ቸን፣ ይባላል፣ ንጉሥ ስላላቸው። የእኛው ግን «ቡዣንግ» ነው፣ የመሥሪያ ቤት አለቃ።

የከዚራ ልጅ፦
ኑሩልኝ! ትናንት ማታ «ሚኒስትሩ» የሚለውን እየሰረዝኩ «አገልጋይዎ» አደረግኩት፣ እህቴ ሽማግሌው ሲደፋ «አሁን ገባኝ» አለች። አንድ ቀረኝ፤ የንጉሡ ሚስቶች ራሳቸውን «ቸንቺዬ» ይላሉ። ያው ቸን አለበት። ለሴት ምን ልበል?