ልጆቻችሁ ድንገት ጭጭ ሲሉ ምን ሲሰሩ አገኛችኋቸው?

የሁለት_እናት (ጀሞ)

ሰላም እናቶችና አባቶች እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነው። ትልቋ ልጄ አራት አመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ሁለት ሊሞላው ነው። ትናንት ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራን ቤቱ ድንገት ጭጭ አለ። ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ሲጮሁ ሲጣሉ ሲያለቅሱ ችግር የለም፣ ዝም ሲሉ ነው መሮጥ። ስልኩን ሳልዘጋ ኪችን ስገባ ትልቋ የጤፍ ዱቄቱን ባልዲ መሬት ላይ ገልብጣ፣ ከጀሪካኑ ውሃ ጨምራበት፣ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ገብታ እያቦካች ነው። ትንሹ መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ከአይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። እኔን ስታይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "እማዬ ጫማሽን አውልቂ፣ አሁን ነው የጠረግኩት!"

ሳቄ መጣ። ግን የጤፍን ዋጋ ታውቁታላችሁ፣ ውሃ ደግሞ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያቺ ጀሪካን ተቆጥባ የተቀመጠች ነበረች። ልቆጣት ስል ከንፈሬ እምቢ አለኝ፣ እሷም ሳቄን አየችና ጭራሽ ወንድሟን "ና አንተም አቡካ" አለችው። አማቴ በሩ ላይ ቆመው "እንዲህ እየሳቅሽላት ነው እኮ የምታበላሻት" አሉኝ። እኔ ግን ልጅቷ ያጠፋች አይመስለኝም፣ እኔ ስሰራ ያየችውን ነው የሰራችው። እና እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ ትስቃላችሁ ወይስ ትቆጣላችሁ? ደግሞ የኮንዶሚኒየም ኪችን መቼስ ታውቁታላችሁ፣ መደርደሪያ የለ ምን የለ፣ እቃውን የት ነው የምታስቀምጡት? የናንተንም ገጠመኝ አካፍሉኝ እስቲ።

አባወራ_ሀዋሳ

ኧረ እህቴ "አሁን ነው የጠረግኩት" የምትለዋ ገደለችኝ። የኔን ልንገርሽ። ልጄ ሁለት አመት ተኩሉ ነው፣ እናቱ ገበያ ሄዳ እኔና እሱ ብቻችንን ነን፣ ልብስ ላሰጣ በረንዳ ወጣሁ፣ እሱ ደግሞ ከኋላዬ መጥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ቁልፉን ከውስጥ አዞረው። "የኔ ጌታ ክፈትልኝ" ስለው በመስታወቱ እያየኝ እጁን ያውለበልብልኛል፣ "ቻው አባዬ!" ከዛ ወንበር ጎትቶ ሄደና የስኳሩን ቆርቆሮ አወረደው፣ እፊቴ ቁጭ ብሎ በማንኪያ ይበላል፣ በየመሃሉ ደግሞ ማንኪያውን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ያጎርሰኛል።

ታች ያሉት የባጃጅ ልጆች አይተውኝ ተሰበሰቡ፣ አንዱ "በመስኮት ግባ" ይላል አንዱ "ከረሜላ አሳየው" ይላል። ጎረቤታችን ዋናውን በር ስታንኳኳ ደግሞ ሰማሁት፣ "ማነው? አባዬ የለም!" ለማያውቁት ሰው በር አይከፈትም ብላ ያስተማረችው እናቱ ናት፣ በደንብ ይዞታል፣ ኮርቻለሁ። እሷ መጥታ በራሷ ቁልፍ እስክትከፍት ድረስ እዛው ከልብሱ ጋር ቆየሁ።

ከዛ ወዲህ የበረንዳና የመታጠቢያ ቤት ቁልፍ በር ላይ አይቀመጥም፣ ከፍ ብሎ ሚስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ አንድ ትርፍ ቁልፍ ደግሞ ጎረቤት ጋ አለ። ይሄን ለሁላችሁም እመክራለሁ፣ ምክንያቱም እሳት ላይ የተጣደ ነገር ቢኖርስ? ስለ መሳቁ እኔ እስቃለሁ፣ ለምን አልስቅም፣ ስኳር ሊያጎርሰኝ የሞከረ ልጅ እኮ ነው።

አያት_ከጎንደር

ልጄ እንኳን ልጆችሽ ደህና ሆኑ፣ ዱቄቱ ይተካል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል ሰምተሻል፣ ልጅቷ ግን ለእራት ብላ መች አቦካችው፣ እናቷን ልትሆን ፈልጋ ነው እንጂ። እኛ ስናድግ እናታችን ሊጡ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ለኛ እንጎቻ ትጋግርልን ነበር፣ ለየአንዳንዳችን በየስማችን፣ እሱን ለማግኘት ስንል ቀኑን ሙሉ ውሃ ቅዱ ብትለን እንቀዳለን ጥረጉ ብትለን እንጠርጋለን። አንቺም ስታቦኪ ጭብጥ የምታህል ሊጥ በሰሀን አድርገሽ ስጫት፣ የራሷ ስትኖራት ያንቺን ባልዲ አትነካም።

የልጅ ልጄን ጉድ ደግሞ ልንገርሽ። ጥር 11 ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይዘነው ወረድን፣ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ጸበሉ በህዝቡ ላይ ሲረጭ አየ፣ ፊቱ ላይ ሲደርሰው እየጮኸ ሲስቅ ነበር። ከበአሉ በኋላ አንድ ቀን እኔ በርበሬ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥቻለሁ፣ ቡና ልንጠጣ ጎረቤት ተጠርቷል። የኔ ቄስ ነጠላዬን ተከናንቦ፣ በአንድ እጁ የእንጨት ማንኪያ እንደ መስቀል ይዞ፣ በሌላው የጤናዳም ቅጠል ባልዲ ውስጥ እየነከረ መጣ። መጀመሪያ በርበሬውን ረጨው። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ረጨው። ከዛ ወደ እንግዶቹ ዞረና ማንኪያውን ግንባራቸው ላይ እያስነካ "እግዚአብሔር ይፍታ" እያለ አዳረሳቸው። ማን ይሳቅ ማን ይቆጣ፣ ትልልቆቹ ሴቶች በሙሉ ተነስተው አጎንብሰው ተሳለሙ፣ እኔም ተሳለምኩ። በርበሬው እንደገና ደርቋል፣ ቴሌቪዥኑም ደህና ነው።

መቆጣት አይቅር፣ ግን ለእሳትና ለገደል አስቀምጪው። በየምኑ ከተቆጣሽ የእውነት ስትጮሂ አይሰሙሽም።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ

እማማ ይባርኮት፣ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ አስለቀሱኝ።

ለቅሶ ካልን አይቀር የኔን ስሙ። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፣ መቼስ ዶሮ ወጥ የሚፈጀውን ሽንኩርት ታውቁታላችሁ፣ አይኔ ቀልቶ አፍንጫዬን እየጠራረግኩ ነው። ልጄ አራት አመቱ ነው፣ ዴይኬር ሰው ከተጎዳ 911 ደውሉ ብለው አስተምረዋቸዋል፣ ስልኬ በፓስወርድ የተዘጋ ነው ግን የኢመርጀንሲ ጥሪ ስልኩ ተዘግቶም ቢሆን ይሰራል። ሶፋው ጀርባ ሆኖ ደውሎ "ማሚ ኢዝ ክራይንግ፣ ሺ ሃዝ ኤ ቢግ ናይፍ" (እማዬ እያለቀሰች ነው፣ ትልቅ ቢላ ይዛለች) ብሏቸዋል። እኔ ሳሎኑ ጭጭ ሲል ካርቱን እያየ መስሎኝ "የኔ ጎበዝ" እያልኩ መክተፌን ቀጥያለሁ።

በሩ ሲንኳኳ ሁለት ፖሊሶች። እኔ ቀይ አይን፣ ሽሮባዬ ላይ ሻሽ፣ እጄ በሽንኩርት የራሰ። እሱ ከኋላዬ ብቅ ብሎ በአማርኛ "ግቡ ግቡ፣ ዶሮ አለ!" ይላቸዋል። ገብተው የተከተፈውን ሽንኩርት ክምር ሲያዩ የአንደኛው አይን ራሱ ማልቀስ ጀመረ፣ ከዛ ሁላችንም ሳቅን። ልጁን ትንሽ አዋርተውት፣ ተለጣፊ ባጅ ሰጥተውት ሄዱ።

ግን አንድ ነገር ልበል፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ እሱ ፊት አልሳቅኩም። ለእናቱ አስቦ ነው የደወለው፣ ዛሬ ከሳቅንበት ነገ የእውነት ብወድቅ አፍሮ ሊተወው ይችላል። ቁጭ አድርጌ "ጎበዝ፣ ሰው ተጎድቶ መልስ ካልሰጠህ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ መጀመሪያ ግን እማዬ ምን ሆንሽ ብለህ ጠይቅ" አልኩት። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ ልጅ በስህተት 911 ከደወለ ደንግጣችሁ ስልኩን አትዝጉት፣ መስመሩ ላይ ቆዩና በስህተት ነው በሏቸው፣ ከዘጋችሁት እነሱ መልሰው መደወላቸው ወይ ሰው መላካቸው አይቀርም።

ደብረብርሃን_እናት

እኔ ግን ከአማትሽ ጋር ነኝ ይቅርታ። አንዴ ሲሳቅለት ያየ ልጅ ያንኑ ነገር እየደገመ ነው የሚኖረው። የኔ ልጅ የአባቱን ስልክ ሽሮ ዕቃ ውስጥ ደበቀች፣ ቤተሰብ በሙሉ ሳቀ፣ ይኸው እስካሁን ቤታችን የጠፋ ነገር ሁሉ የሚገኘው ሽሮ ውስጥ ነው፣ ሪሞት፣ ቁልፍ፣ የአያቷ መነጽር። ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ ጠብቃ ነው የምታደርገው።

የባሰው ግን አፏ ነው። አንዲት ዘመዳችን መጥታ ቁጭ እንዳለች ልጄ እያየቻት እያየቻት፣ "እማዬ፣ ቶሎ የማትሄደው ይቺ ናት?" እግዜር ይስጣት ሴትየዋ "አዎ እኔ ነኝ" ብላ አቀፈቻትና እራት በልታ አምሽታ ሄደች። የዛን ቀን እኔም አልቻልኩም፣ ጓዳ ገብቼ ነው የሳቅኩት። መሳቅ ጓዳ ተገብቶ ነው፣ ልጁ ፊት አይደለም፣ አቋሜ ይሄ ነው። ያቦካችውን ደግሞ ራሷ ታጽዳ፣ ጨርቅ ስጫትና አብራችሁ ጥረጉ፣ ያለ ጩኸት።

የህፃናት_ክፍል_ነርስ

አንብቤ አንብቤ ሆዴን አመመኝ፣ ሁላችሁም ኑሩልን። የእቃውን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰላት ግን እኔ ልመልስ፣ ስራ ቦታ በየጊዜው የማየው ስለሆነ።

የሁለት እናት፣ ዱቄትና ሽሮ ታች ቢሆኑ ምንም አይደለም፣ እንደውም ለነሱ አንድ ዝቅ ያለ መሳቢያ ስጪያቸው፣ ላስቲክ ሰሀን፣ ማንኪያ፣ ክዳን ምናምን ይሙሉበት። ከፍ ማለት ያለበት ሌላ ነው። በረኪናና ላምባ በውሃ ላስቲክ አታስቀምጡ፣ እባካችሁ፣ ልጅ ጠርሙሱን ነው የሚያውቀው፣ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ከጠጣ ደግሞ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ በረኪና ሲመለስም ጉሮሮውን ያቃጥላል፣ ላምባ ሳምባ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ህክምና ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰዎች ባልዲና በርሜል ሞልታችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ክደኑት። ገና የሚድህ ወይም መራመድ የጀመረ ልጅ በጭንቅላቱ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም፣ ጥቂት ውሃ ይበቃል፣ ድምፅም አያሰማም። ለዚህ ነው ቤቱ ጭጭ ሲል መሮጥሽ በጣም ትክክል የሆነው።

ቡና ስታፈሉ ጀበናውም ከሰሉም መሬት ላይ ነው፣ ልጁን አንድ ሰው ይያዘው። ከተቃጠለ ቀዝቀዝ ባለ ንጹህ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል፣ ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ በረዶ አይደለም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አትቀቡ። ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ ከአምስት አመት በታች ላለ ልጅ እንዳለ አይሰጥም፣ ትን ይለዋል።

አባወራ_ሀዋሳ

ሲስተር ተባረኪ። አንድ ጥያቄ፣ የወንድሜ ልጅ ሽምብራ አፍንጫው ውስጥ ከቶ ነበር፣ እኛ በጥጥ እንጨት ልናወጣ ስንሞክር ወደ ውስጥ ገባብን፣ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ነው የወጣለት። ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

የህፃናት_ክፍል_ነርስ

ምንም ነገር ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ ውሃም አትጨምሩ ምክንያቱም ሽምብራ ውሃ ሲነካው ያብጣል። እምፍ ማለት የሚችል ልጅ ከሆነ አፉን ዘግቶ፣ ባዶውን አፍንጫ በጣት ይዛችሁለት፣ በተደፈነው በኩል እምፍ ይበል። ትንሽ ከሆነ እናቱ ልትስመው እንደሆነ አፏን አፉ ላይ ገጥማ፣ ባዶውን አፍንጫ በጣቷ ዘግታ፣ አንዴ አጠር ያለ ትንፋሽ እፍ ትበልበት፣ ብዙ ጊዜ ፉት ብሎ ይወጣል፣ ልጁም ጨዋታ ስለሚመስለው አይፈራም። ካልወጣ አትታገሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሪሞት ወይም የሰአት ክብ ባትሪ ከሆነ ግን፣ አፍንጫም ይሁን የዋጠው፣ ይሄን ሁሉ ሳትሞክሩ በቀጥታ ሆስፒታል፣ በሰአታት ውስጥ ስጋ ይበላል። ደብረብርሃን እናት፣ ያ ሽሮ ውስጥ የሚገባው ሪሞት ክብ ባትሪ ካለው የጀርባ ክዳኑን ዛሬውኑ በፕላስተር እሰሪው።